ቀዳዳ ፈላጊው ቶማስ

በየግቢው አንድ ቀዳዳ ፈላጊ አይጠፋም። ደመወዝ ወሩ ሳይጋመስ ሲያልቅ እኔና እናንተ «ኑሮ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ቀዳዳ ፈላጊ አያልፈውም። በእሱ እምነት ገንዘብ አያልቅም፤ ይፈስሳል። የሚፈስ ነገር ደግሞ የሚፈስበት ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው እስኪገኝ ድረስ እሱም አያርፍ፣ ሚስቱም አታርፍ፣ ተከራዩም አያርፍ።

ተከራዩ እኔ ነኝ። ቀዳዳ ፈላጊው ክቡር ቶማስ ነው፤ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ የቤቱ ዋና ኦዲተር፣ የስድስት የበጀት አፖች ጫኝና አጥፊ።

ሊፈታው የተነሣው ችግር በጥቂት መስመር ይጻፋል። የሚስቱ የሰርካለም እናት፣ እማማ የዓለምወርቅ፣ ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ። ሐኪሙ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት አዘዘ። አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ከሚሸፍነው ውጪ ለአንዱ እጥበት ከቤት የሚከፈለው አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። የቤቱ አቅም ሁለት ቀን ነው። ሦስተኛው ቀን በወር ስድስት ሺህ ብር ይፈልጋል። ስድስት ሺህ ብሩ ደግሞ የለም።

«አለ እንጂ!» አለኝ ቶማስ፣ በረንዳው ላይ ስልኩን እንደ ጸሎት መጽሐፍ በሁለት እጁ ይዞ። «ቀዳዳው አለ፤ አላገኘነውም እንጂ።»

ይህን አባባሉን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ቆጥረህ መዝግብ ብሎኝ ቢሆን ኖሮ በየትኛው ረድፍ እንደሚገባም ይነግረኝ ነበር።

እምነቱ ከሜዳ የመጣ አይደለም። ከሥራው ነው። አንድ ጊዜ በዓመታዊ ቆጠራ አሥራ ሁለት የመኪና ጎማ ጎደለ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ዘበኛውን መጠርጠር ጀመረ። ቶማስ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ካርድ ሲያገላብጥ ሰንብቶ ጎማዎቹን ሌላ መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሰው አገኛቸው። ተዛውረው ነበር፤ የዝውውሩ ወረቀት ነው የተረሳው። ዘበኛው እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ይደውልለታል። ከዚያ ወዲህ ቶማስ በዓለም ላይ የጠፋ ነገር አለ ብሎ አያምንም፤ ያለቦታው የተቀመጠ ነገር እንጂ።

ግቢያችን ጉለሌ ነው፤ ወደ ቁስቋም የሚወስደው ዳገት ከመጀመሩ በፊት። ቤቱ የእማማ የዓለምወርቅ ነው። ዋናው ቤት ውስጥ እሳቸው፣ ሰርካለም፣ ቶማስና የባልና ሚስቱ አንዲት ልጅ ይኖራሉ። ከጓሮ ያሉት ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች የእኔ ናቸው፤ አራት ዓመት ሊሆነኝ ነው። የሒሳብ መምህር ስለሆንኩ ግቢው ውስጥ ስሜ «መምህር» ነው። ቶማስ አፕ ምረጥልኝ ብሎ ሲመጣ አልደብቃችሁም፣ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር እወዳለሁ። ወረቀት አወጣሁ፣ ሠንጠረዥ አሰመርኩ።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። አንድ ሰው ለብቻው ገንዘቡን የሚመዘግብበት አፕ ሞልቷል። ባልና ሚስት አብረው የሚጠቀሙበት ግን ጥቂት ነው። መጀመሪያ በሁለት ስልክ ላይ እኩል መታየት አለበት፤ እሷ ሽንኩርት ስትገዛ እሱ ማየት አለበት። ሁለተኛ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋ የጻፉት ነገር አብሮ መጥፋት የለበትም። ሦስተኛ፣ በእኛ አቆጣጠር ወሩን መዝጋት አለበት። ይኼን የሚያሟላ ስንፈልግ አብዛኞቹ ጳጉሜን የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። አራተኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ዕድር የት ይጻፋል? ዕቁብስ? ዕቁብ ስትጥል ወጪ ነው፣ ሲደርስህ ገቢ ነው፣ በመካከሉ ደግሞ ተስፋ ነው። የተስፋ ረድፍ ያለው አፕ አላገኘንም።

የመጀመሪያው አፕ አንድ ቀን አልሞላም። ምልክቱ ሮዝ አሳማ ነበር፤ ጀርባው ላይ ሳንቲም ይገባል። ቶማስ በኩራት ለእማማ አሳያቸው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አሳማ ነው እማማ። ፈረንጆች ገንዘብ የሚያጠራቅሙበት ነው።»

እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «የኔን መታከሚያ አሳማ ሆድ ውስጥ ነው የምትከተው?»

በዚያው ተሰረዘ።

ሁለተኛው ሁሉን ነገር በእጅ የሚጻፍበት ነበር። ወጪ በየክፍሉ ተከፍሏል፦ ምግብ፣ ቤት፣ ትራንስፖርት፣ ጤና፣ መዝናኛ፣ ሌላ። እማማ የዓለምወርቅ ትራሳቸውን ተደግፈው ሁሉንም አስነበቡና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«እኔን የቱ ጋ ጻፍከኝ?»

«ጤና ውስጥ ነዎት እማማ።»

«ጤና ቢኖረኝ ትጽፈኝ ነበር?»

ከዚያ በኋላ አፕ በተቀየረ ቁጥር የእማማ ጥያቄ ይኸው ሆነ። ስለ ቀለሙ አይጠይቁም፣ ስለ ዋጋው አይጠይቁም። «እኔን የቱ ጋ ጻፍከኝ?» ብቻ።

ይኼኛውን የገደለችው ሰርካለም ናት። ጳውሎስ አካባቢ ካፌ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የማኪያቶና የፍርፍር ሒሳብ ስትደምር ትውላለች። ቤት ስትገባ ቶማስ በር ላይ ቆሞ «ቲማቲሙ ስንት ነበር? ደረሰኝ አለው?» ይላታል።

«ቶሚ፣ ለካፌው ባለቤት የቀኑን ሒሳብ ዘግቼ መጣሁ። ላንተም ልዝጋ?»

«ካልተጻፈ እኮ ቀዳዳው አይታይም።»

«ቀዳዳው ያለው ጉሊት ነው። ሂድና ከቲማቲም ሻጯ ጋር ተፋጠጥ!»

ሄደ። እውነቴን ነው። ለሁለት ሳምንት ገበያውን እሱ ያዘ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጉሊት ሴቶች ጋር ተከራክሮ ያተረፈውን ደምረን ዘጠና አምስት ብር አገኘን። የወር ሒሳቡን ሠራሁለት፤ በዚህ ፍጥነት ሦስተኛውን ቀን ለመሸፈን በወር ውስጥ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ገደማ ቶማስ መሆን ይጠበቅበታል።

ሦስተኛው የፖስታ ዘዴ የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ልቤ ሞቀ፤ ዘዴው ቆንጆ ነው። ገንዘቡ እንደገባ በምናብ በየፖስታው ትከፋፍለዋለህ፤ የምግቡ ፖስታ ባዶ ሲሆን ምግብ መግዛት ታቆማለህ፣ ከሌላው አትነካም። ለእማማ ሩብ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋቸው። እሳቸው ጸጥ ብለው አዳመጡኝና መቀነታቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ጫፉ ላይ ሦስት ቋጠሮ አለ፤ አንዱ የዕድር፣ አንዱ የማኅበር፣ አንዱ ለነዳያን። «አንተ መምህር፣ ይኼን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?» አሉኝ።

ፖስታዎቹ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን ሁሉም ባዶ ሆኑ። አፑ በእያንዳንዱ ላይ ቀይ ምልክት አደረገ። ቤቱ የፈለገውን ነገር ፖስታ አይከለክለውም።

አራተኛውን ሳስበው ዛሬም ይጨንቀኛል። በየጊዜው የሚደጋገም ክፍያን ራሱ ፈልጎ የሚያወጣ ነው። የማትጠቀምበት ነገር ካለ፣ የረሳኸው የኢንተርኔት ጥቅል ቢሆን፣ ይይዘዋል። ቶማስ «ይኼማ የተሠራው ለኔ ነው!» ብሎ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አራታችንም በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ ስልኩ ጮኸ። ቶማስ አነበበ፤ ፊቱ ተለወጠ። ሰርካለም ስልኩን ተቀብላው አነበበች። ከዚያ እኔ አነበብኩት። «በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚደጋገም ክፍያ አግኝተናል። ይህን አገልግሎት አሁንም ይፈልጉታል? ቢያቋርጡት በወር አሥራ ሁለት ሺህ ብር ይቆጥባሉ።»

«ምን ይላል?» አሉ እማማ።

ስልኩን ለቶማስ መለስኩለት።

«ቶማስ፣ አንተን እኮ ነው።»

«በርቱ ነው የሚለው እማማ።»

እማማ ሦስታችንንም በየተራ አዩን። «እንዲህ ያለ ፊት ይዞ በርቱ የሚል የለም» አሉና ሻያቸውን ጠጡ። ሻይ እንኳ በልክ ነበር የሚፈቀድላቸው፤ ትንሿ ብርጭቆ፣ ግማሽ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቶማስ የራሱን ቀዳዳ አስቀድሞ ደፍኖ እንደነበር አላወቅንም። እሱ ላይ በኋላ እመለሳለሁ።

አምስተኛው አፕ መጣ። ምንም መጻፍ አይጠበቅም፤ ባንክ የሚልከውን የጽሑፍ መልእክት ራሱ እያነበበ ይመዘግባል። የባልና የሚስት ስልክ ይያያዛል። ቋንቋው አማርኛ ነው፣ ለዚያውም ጳጉሜን ያውቃል! በሠንጠረዤ ላይ ከዕቁቡ በቀር ሦስቱንም መስፈርት ሲያልፍ ተነሥቼ አጨበጨብኩ ማለት ይቻላል። ጥር ላይ ጫኑት። በወሩ መጨረሻ ቶማስ በሬን ሳያንኳኳ ገባ።

«መምህር! አሥራ አንድ ሺህ!»

«ምን አሥራ አንድ ሺህ?»

«ትርፍ! በወር አሥራ አንድ ሺህ ትርፍ አለን! አላልኩህም? ቀዳዳው አለ አላልኩህም?»

ስልኩን ተቀበልኩት። ደመርኩት። ቁጥሩ ትክክል ነበር። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ድምሩን አረጋገጥኩለት። ድምሩን ብቻ።

የካቲት ከገባ ጀምሮ እማማ በሳምንት ሦስት ቀን መታጠብ ጀመሩ፤ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። እንደ ሐኪም አላወራም፤ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ። በሁለተኛው ሳምንት የእግራቸው እብጠት ቀነሰ። በሦስተኛው ሳምንት የጓሮው በር ላይ ቆመው የልብስ ማስጫዬን ገመድ አላላህ ብለው ሰደቡኝ፤ ለአንድ ዓመት ያህል እዚያ ድረስ መጥተው አያውቁም ነበር። በአምስተኛው ሳምንት፣ እሑድ፣ ሰርካለምን ተደግፈው ዳገቱን ወጥተው ቁስቋም ማርያም ደርሰው መጡ። በእግራቸው። ሲመለሱ ግቢው በር ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «እንጦጦ ቦታውን አልለቀቀም አይደል?» አሉ። ቶማስ ሳቀ። ያን ቀን እንደሳቀው ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ የልጅቱ የትምህርት ቤት ክፍያ ቀን ደረሰ። ሰርካለም ልትከፍል ብትሞክር ባንኩ በቂ ገንዘብ የለም አላት።

ቶማስ ወረቀትና እርሳስ ይዞ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ቁጭ ብሎ ሁለት ሰዓት ያህል አልተነሣም። ከዚያ አንዲት ቃል ተናገረ።

«ዝውውር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ቤት ደመወዝ በሚስት እጅ ያልፋል። የቶማስ ደመወዝ አሥራ ሁለት ሺህ አራት መቶ ነው፤ እንደገባ አሥራ አንድ ሺሁን ለሰርካለም ይልካል፣ ቀሪውን ለመንገዱ ይይዛል። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ አባቱም ለእናቱ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። አፑ የእሱን ደመወዝ ገቢ ብሎ መዘገበ። ከዚያ በእሱ ስልክ ላይ «ተላለፈ» የሚለውን መልእክት ወጪ አይደለም ብሎ ዘለለው። በእሷ ስልክ ላይ «ገቢ ሆነልዎ» የሚለውን ደግሞ ሌላ ደመወዝ ነው ብሎ ደመረው። አንዱን ብር ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ሦስተኛው ቀን የተከፈለው ከትምህርት ቤቱ ገንዘብ ላይ ነበር።

ከአንድ መጋዘን ወደ ሌላ መጋዘን የተዛወረ ዕቃ አዲስ ዕቃ እንዳልሆነ ከቶማስ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በአዲስ አበባ የለም። አሥራ ሁለቱን ጎማ ያገኘው በዚያው አይደል? እኔስ ብሆን? በየዓመቱ ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች «ከመደመራችሁ በፊት የምትደምሩትን እዩ» እያልኩ ነው ደመወዝ የምበላው።

«እኔ እነግራታለሁ» አለች ሰርካለም።

«የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የምነግራቸው» አለ።

ገባ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማነው።

«እማማ፣ ተሳስቼ ነው።»

«ምኑን?»

«ገንዘቡን። ትርፍ አልነበረም። አንዱን ብር ሁለት ጊዜ ቆጥሬው ነው።»

«ስድስቱንም ሳምንት?»

«ስድስቱንም።»

«እንዲህ ያለ ስሕተት ካለህማ ልጄ፣ አልፎ አልፎ ተሳሳት እንጂ።»

ወደ ሁለት ቀን ተመለሱ። የልብስ ማስጫዬ ገመድ ላልቶ ከረመ፤ የሚቆጣኝ አልመጣም። እማማ የዓለምወርቅ ግንቦት ውስጥ ዐረፉ። ሐኪሙ ስለ ሦስተኛው ቀን ምንም አላለም። ማንም አልጠየቀውም።

አምስተኛው አፕ ግን ሥራውን አላቆመም። ለቅሶ ላይ አፕ ማጥፋት ለማን ትዝ ይለዋል? ዕድሩ ሰጠ፣ ዘመድ አዝማድ መምጣት ያልቻለው በስልክ ላከ፣ የሰርካለም መሥሪያ ቤት አዋጣ፤ አፑ እያንዳንዱን እያነበበ በአረንጓዴ መዘገበ። ወሩ ሲዘጋ ቤቱ ገና ለቀስተኛ አላጣም ነበር። ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ሳለ የቶማስና የሰርካለም ስልክ በአንድ ላይ ጮኹ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«እንኳን ደስ ያላችሁ! ግንቦት የዓመቱ ምርጥ ወራችሁ ነው። ገቢያችሁ ጨምሯል፤ የጤና ወጪያችሁ ቀንሷል። በዚሁ ቀጥሉ!»

ሰርካለም ስልኩን ገልብጣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችና ወጣች። አንዲት አሮጊት ለቀስተኛ «ማን ነው የደወለው? ሩቅ ያለ ዘመድ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«አይ እማማ» አለ ቶማስ። «የማያውቀን ነው።»

እዚህ ላይ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ስልኩን ጥሎ ያርፋል። ቀዳዳ ፈላጊ ግን ጤነኛ አይደለም። ከአርባው በኋላ ቶማስ የሃያ ወሩን መዝገብ በሙሉ፣ ከአምስቱም አፕ የተረፈውን፣ አሳትሞ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። የሸሚዙ አንገት ሰፍቶበት ነበር።

«ቆጠራ በሁለት ሰው ነው» አለኝ። «አንተ እየው።»

«ምን ልፈልግ?»

«ስድስት ሺህ።»

«ቶማስ፣ አሁን ቢገኝ ምን ያደርጋል?»

«እየው አልኩህ።»

የሚፈልገው ነገር ገባኝ። ቀዳዳ ካለ ጥፋቱ የእሱ ነው። ቀዳዳ ከሌለ የማንም አይደለም። ሰው የትኛውን ይመርጣል? እኔ ብሆን ሁለተኛውን እመርጥ ነበር። እሱ ግን ሁለቱንም ለመቀበል የተዘጋጀ መሰለኝ፤ ያልቻለው አለማወቁን ነው።

ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ወጪውን በየረድፉ አየሁ። ሥጋ በበዓል ብቻ። ልብስ ለልጅቱ ብቻ። ትራንስፖርት የሚለው ረድፍ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የሰርካለም አለ። የቶማስ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ባዶ ነው። መሥሪያ ቤቱ በእግር አንድ ሰዓት ከሩብ ይወስዳል። ለመንገዱ የሚይዛት ገንዘብ በየወሩ «መድኃኒት» በሚል ረድፍ ላይ ተጽፋለች። ከሥሯ በየሦስት ወሩ አንድ ነገር ይመላለሳል፦ ጫማ ማሰፊያ፣ ጫማ ማሰፊያ፣ ጫማ ማሰፊያ።

በወጪው በኩል ቀዳዳ አልነበረም። ባልዲው ትንሽ ነው እንጂ አልተበሳም። ይህን ልነግረው ወረቀቱን ስሰበስብ፣ ለሥርዓት ያህል፣ የገቢውን ገጽ ገለጥኩ። ሃያ ወር ሙሉ ማንም በጥርጣሬ ያላየው ገጽ ነው። ሦስት ረድፍ አለው። የቶማስ ደመወዝ። የሰርካለም ደመወዝ። ሦስተኛው፦ «መምህር፣ ኪራይ፣ 7,000»። በሚቀጥለውም ወር ሰባት ሺህ። በሚቀጥለውም። ሃያ ጊዜ ሰባት ሺህ።

በሰፈራችን እንዲህ ያሉ ሁለት ክፍሎች ዛሬ ስንት እንደሚከራዩ አውቃለሁ። ባልደረባዬ ከእኛ ሦስት ግቢ አልፎ የሚከፍለው አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ነው፤ የእሱ እንዲያውም ውኃ የለውም። ልዩነቱን ለመቀነስ የሒሳብ መምህር መሆን አያስፈልግም። በወር አምስት ሺህ አምስት መቶ። የጎደለችው አምስት መቶ ብር ብቻ ናት።

ቀዳዳው እኔ ነበርኩ።

ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ቶማስ በረንዳው ላይ ነበር። ጣቴን ረድፉ ላይ አስቀምጬ አሳየሁት። አላየውም፤ ፊቴን ነው ያየው።

«አንተ ገቢ ነህ» አለኝ። «ቀዳዳ የሚፈለገው ወጪ ላይ ነው።»

«ቶማስ!»

«ግምጃ ቤት ውስጥም እንዲሁ ነው።»

«አይደለም፤ አንተም ታውቃለህ።»

ሰርካለም ከውስጥ ልብስ ይዛ ወጣች። የሰማች መሰለኝ። ልብሱን ወንበር ላይ ጣለችው።

«አይነግርህም» አለች። «እሱማ በሁለተኛው ወር ነው ያገኘው። ደብተር ላይ ጽፎ ለእማዬ አሳያት። 'መምህሩ ላይ አምስት ሺህ ብንጨምር ሦስተኛው ቀን ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው' አላት።»

«እና?»

«'ብትጨምርበት ይወጣል፤ ደመወዙን አውቀዋለሁ' አለች። 'እሱ ከወጣ የሐኪሙን ወረቀት በአማርኛ ማን ያስረዳኛል? እናንተ ስትጠየቁ ፊታችሁ ይጠቁራል። እሱ ግን ደስ ብሎት ነው የሚያስረዳኝ። ቤቱ የኔ ነው፤ አትንኩት' አለች። በራሷ አስማለችን።»

እማማ የላቦራቶሪ ውጤት በመጣ ቁጥር ወደ ክፍሌ ይልኩልኝ ነበር። እኔም እየሄድኩ፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ክሬያቲኒን ምን እንደሆነ፣ ቁጥሩ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ፣ በወረቀት ላይ ወንፊት እየሣልኩ አስረዳቸው ነበር። በጉጉት፣ እንደ ጥሩ ትምህርት። በእያንዳንዱ ማብራሪያ ስንት ብር እየከፈሉኝ እንደነበር አላወቅሁም።

እና ይኸው የክቡር ቶማስ ሙሉ ታሪክ። ያን ሁሉ አሳማ፣ ያን ሁሉ ፖስታ፣ ያን ሁሉ የቲማቲም ክርክር ያየሁት ሰውየው ቀዳዳ ማግኘት ስላቃተው ይመስለኝ ነበር። ቀዳዳውንማ አግኝቶታል። ሃያ ወር ሙሉ ሲፈልግ የነበረው ሌላ ቀዳዳ ነው፤ ሰው የማይወጣበት።

ከሐምሌ ጀምሮ ኪራዬን አሥራ ሁለት ሺህ አምስት መቶ አድርጌ እልክለታለሁ። ቁርስ ከቤቴ ቀረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠናለሁ፤ አልወጣሁም። የመጀመሪያው ገንዘብ በገባ በአሥረኛው ደቂቃ ቶማስ ስልኩን ይዞ መጣ።

«ስሕተት ገብቷል። አምስት ሺህ አምስት መቶ ትርፍ ይላል።»

«ስሕተት አይደለም፤ ኪራይ ነው።»

«ኪራይህ ሰባት ሺህ ነው።»

«ነበር።»

ሊመልስልኝ ፈለገ፤ ሰርካለም ከለከለችው። ሊቀበለው ደግሞ መጻፍ አለበት፤ ሳይጻፍ የገባ ዕቃ በእሱ ግምጃ ቤት የለም። አሁን የተያዘው እዚህ ላይ ነው። ከአርባው ወዲህ በጫነው ስድስተኛው አፕ ላይ የመጀመሪያው ረድፍ የእማማ ነው። ጤና አይልም፤ «የዓለምወርቅ» ይላል። ዜሮ ሆኖ ተቀምጧል። አፑ በየሰኞው «ይህ ረድፍ ባዶ ነው፤ ይጥፋ?» እያለ ይጠይቃል፤ ቶማስም በየሰኞው «አይ» የሚለውን ይጫናል። የእኔን አምስት ሺህ አምስት መቶ እዚያ ላይ ሊጽፈው ይፈልጋል። አፑ እንቢ አለ፤ ረድፉ የወጪ ነው፣ ገቢ አይቀበልም። ደመወዝ፣ ስጦታ ወይስ ሌላ እያለ ያስመርጠዋል። ቶማስ አንዱንም አልመረጠም።

ትናንት ስድስተኛውን አጥፍቶ ሰባተኛውን ሊጭን ነበር። ሠንጠረዤን አውጥቼ ከጎኑ ተቀመጥኩ፤ አምስተኛ መስፈርት ጨመርን፣ እንኳን ደስ ያላችሁ የማይል። ሰርካለም ከመስኮት ሆና «ደብተር እኮ መቶ ብር ነው!» አለችን። እኛ ከአዳዲሶቹ አፖች የመጀመሪያውን ከፈትን።

«ይህን ገንዘብ የሚቀበል ረድፍ ያለው አይመስለኝም» አልኩት፣ አራት አዳዲስ አፖች ካየን በኋላ።

ቶማስ መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና አምስተኛውን ከፈተ።

«ቦታው አለ» አለኝ። «አላገኘነውም እንጂ።»